አድራጊና ተደራጊ በነጅድ ምድር

የዛሬዋ ሪያድ በዚህ ስሟ ከመታወቋ በፊት በቦታው ሐጅር የምትባል ከተማ ነበረች፤ የየማማ አገር መናገሻ። ከሐጅር ብዙም ሳይርቅ፣ በዋዲ ሐኒፋ ዳር፣ መንፉሓ የምትባል የቴምር መንደር ነበረች። መይሙን ኢብን ቀይስ የተባለው ባለቅኔ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተወለደው እዚያ ነው። ዓይኑ ደካማ ስለነበር «አል-አዕሻ» አሉት፤ ስሙም በዚሁ ጸንቶ ቀረ። እየገጠመ ከአገር አገር የዞረ ሰው ነው። በአንድ ግጥሙ ነጋሺን በገዛ አገሩ ሄዶ እንደጎበኘ ይናገራል። ሞቱም በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እዚያው መንፉሓ ነው ይባላል።

ዛሬ መንፉሓ በሪያድ ደቡብ ያለ የከተማ ሰፈር ነው። ኢትዮጵያውያን በብዛት ይኖሩበት ስለነበር፣ ሪያድ ደርሶ የተመለሰ የአገራችን ሰው ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። በባለቅኔውና በእነዚህ ሰዎች መካከል 1,400 ዓመታት ገደማ አልፈዋል። ሁለቱን ዘመን የሚያገናኝ አንድ ጥያቄ ግን አለ፦ ሰው ሲናገር አድራጊውን ከተደራጊው የሚለየው፣ ድርጊቱንስ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው በምን ዘዴ ነው? ጥያቄው ከተመረመረባቸው አገሮች አንዷ ሪያድ ያለችባት ይህችው የነጅድ ምድር ናት።

አል-አዕሻ ሰዋስው አልጻፈም። ግጥሞቹ ግን ከሞተ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ ዛሬ ኢራቅ በምትባለው አገር፣ ባስራ ላይ ለምስክርነት ተጠሩ። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስልምና ከዐረብ ምድር ወጥቶ ፋርሱም፣ ቅብጡም፣ ሶርያዊውም አረብኛ ይማር ነበር። አዲሱ ተናጋሪ በበዛ ቁጥር የአነጋገሩ ስሕተትም በዛ። ስለዚህ የባስራና የኩፋ ሊቃውንት ትክክለኛውን አረብኛ ፍለጋ ፊታቸውን ወደ በረሃው ሕዝብ፣ ከሁሉም በላይ ወደ ነጅድ ነገዶች፣ ወደ ተሚም፣ ወደ አሰድና ወደ ቀይስ አዞሩ። አል-ኪሳኢ የተባለው የኩፋ ሊቅ የባስራውን አል-ኸሊልን «ይህን ዕውቀት ከየት አገኘኸው?» ብሎ ቢጠይቀው «ከሒጃዝ፣ ከነጅድና ከቲሃማ በረሃ» አለው ይባላል። አል-ኪሳኢም ወዲያው ተነሥቶ ሄደ፤ የተመለሰው በቃሉ ካጠናው ሌላ አሥራ አምስት ጠርሙስ ቀለም ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው ይላሉ።

የአል-ኸሊል ተማሪ የነበረው ሲበወይህ ትውልዱ ከፋርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ796 አካባቢ ገና በጎልማሳነቱ ሲሞት አንድ ትልቅ ሥራ ትቶ አለፈ፤ ሥራው ርእስ ስላልነበረው ተከታዮቹ «አል-ኪታብ»፣ መጽሐፉ፣ ብቻ አሉት። አል-አዕሻን ጨምሮ የብዙ ባለቅኔዎች ስንኞች በውስጡ ማስረጃ ሆነው ቀርበዋል። ሲበወይህ በመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ግሶችን የከፈለው ድርጊታቸው ምን ያህል እንደሚሻገር እያየ ነው። «ዘይድ ሄደ» ሲባል ድርጊቱ ከሄጂው አያልፍም። «ዐብዱላህ ዘይድን መታ» ሲባል ከመቺው ተሻግሮ ተመቺው ዘንድ ይደርሳል። «ሰጠ» ተቀባዩንና የሚሰጠውን ነገር፣ ሁለቱን ያዳርሳል። «አሳወቀ» ደግሞ እስከ ሦስት ይዘልቃል፤ የተነገረውን ሰው፣ የተነገረለትን ሰውና ስለእሱ የተባለውን። አድራጊው ሳይጠራ ተደራጊው ብቻ ለቆመበት ዐረፍተ ነገርም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጠው። የዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት አንድ ግስ ስንት ተሳታፊ እንደሚጠራ ሲቆጥሩ የሚሠሩት ሲበወይህ ከ1,200 ዓመት በፊት የሠራውን ዓይነት ሥራ ነው።

ሲበወይህ የግሱ ቅርጽ ሲለወጥ ተሳታፊው እንዴት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስም አስተውሏል። የአረብኛው «ከሰረ» በአማርኛ «ሰበረ» ማለት ነው። «ኢን» ሲቀድመው «ኢንከሰረ» ይሆናል፤ ተሰበረ። ሊቃውንቱ ሁለተኛውን ቅርጽ የመጀመሪያው ምላሽ አድርገው አዩት፤ ሰበርኩት፣ እሱም ለድርጊቱ እሺ ብሎ ተሰበረ እንደማለት። በሌላ በኩል በግስ ፊት «አ» ስትገባ የማይሻገረው ይሻገራል። አማርኛ ተናጋሪ ይህቺን «አ» ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም። ወጣ፣ አወጣ። ገባ፣ አገባ። መጣ፣ አመጣ።

ይህች አንዲት ፊደል ብዙ ክርክር አስነሥታለች። «አ» ያለውና የሌለው ግስ መቼ አንድ፣ መቼ የተለያየ ፍቺ እንደሚሰጥ ለመለየት ብቻ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ923 ገደማ የሞተው አዝ-ዘጃጅ አንዱን ጽፏል። ነገሩን ያከበደው የአገር ልዩነት ነበር። የሒጃዝ ሰዎች «ሴቲቱ ልቡን ፈተነችው» ለማለት ያለ «አ» «ፈተነትሁ» ይላሉ፤ የነጅድ ሰዎች ደግሞ «አፍተነትሁ»። አል-አስመዒ የተባለው የባስራ ሊቅ የነጅዱን አልቀበልም አለ፤ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎቹ ግን ሁለቱንም መዘገቡ። የነጅድ ሰው አፍ ለሊቅ ተቃውሞ አልተበገረም።

እ.ኤ.አ. በ924 የነጅድን አፍ ሳይፈልግ ለመስማት የተገደደ ሊቅ ተገኘ። ከዛሬዋ አፍጋኒስታን ከሄራት ለሐጅ የወጣው አል-አዝሀሪ በበረሃ ላይ ቀርማጢ በሚባሉ ዐማፂዎች ተማረከ። በምርኮ ድርሻ የደረሳቸው ሰዎች ከሀዋዚን ነገድ የሆኑ፣ ከተሚምና ከአሰድ ጋር የተቀላቀሉ ዘላኖች ነበሩ። ክረምቱን ከዛሬዋ ሪያድ በስተምሥራቅ በተዘረጋው፣ «አድ-ደህና» በሚባለው አሸዋ፣ ጸደዩን በሰማን አምባ፣ በጋውን በውኃ ጉድጓዶች ዙሪያ እያሳለፈ ዓመታት ከእነሱ ጋር ዞረ። በኋላ «ተህዚብ አል-ሉጋ» የተባለውን ግዙፍ መዝገበ ቃላት ሲጽፍ በመግቢያው ላይ ያንን ዘመን አነሣ። የማረኩት ሰዎች ማንም ሳያስተምራቸው በተፈጥሯቸው ይናገሩ እንደነበር፣ በንግግራቸውም ስሕተት እምብዛም እንደማይገኝ መሰከረ። ምርኮኛው ሊቅ የማራኪዎቹን አነጋገር በክብር መዘገበ።

የአረብኛ ሰዋስው ከእስላሞች አልፎ ለግብፅ ክርስቲያኖችም ደረሰ። ቅብጦች የቀድሞ ቋንቋቸው እየተረሳ ሲሄድ ለማስተማሪያ በአረብኛ የጻፏቸውን መጻሕፍት «ሱለም»፣ መሰላል፣ ይሏቸው ነበር። የግእዙ «ሰዋስው»ም መሰላል ማለት ነው፤ ስሙም ሆነ ብዙው የአከፋፈል ዘዴ በእስክንድርያ በኩል እንደመጣ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ደብተራውና መሪጌታው ግን የተቀበሉትን እንዳለ አልደገሙትም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ ሲያወርድ አምስቱን አዕማድ ይማራል፤ አድራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። ቀተለ፤ ገደለ። አቅተለ፤ አስገደለ። ተቀትለ፤ ተገደለ። ተቃተለ፤ ተጋደለ። አስተቃተለ፤ አጋደለ። ልጁ በቆሎ ተማሪነት እየለመነ፣ ማታ ማታ በቃሉ የሚያወርደው ይህ ስልት በየአንዱ እርምጃ አንድ ሰው ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የነጅዱ አረብኛ «ቀተለ» እና የእኛ ግእዝ «ቀተለ» የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። መለያየታቸው ከታየባቸው ነገሮች አንዱ አረብኛ ተደራጊውን በአናባቢ ለውጥ ብቻ «ቁቲለ» ማለቱ፣ ግእዝ ደግሞ «ተ» መጨመሩ ነው።

ይህ የቅኔ ቤት ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በተቀመጡ ጊዜ ለአውሮፓ ተገለጠ። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ በኢየሩሳሌም ረጅም ዘመን የኖሩት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ግእዙን ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከአረብኛ ጋር እያነጻጸሩ ደከሙ። መጽሐፋቸው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ብርታት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። የአለቃ ኪዳነ ወልድን ገጾች የሚገልጥ ሰው ግእዝና አረብኛ እንደ ወንድማማች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛቸዋል።

መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ሪያድ ላይ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ዛሬ የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው። በአገሩ ተወላጅ ሊቃውንት እጅ የነጅድ አፍ እንደገና መሰብሰብ ጀመረ። ሰዐድ አስ-ሱወያን የዘላኑን ሕዝብ ግጥምና ትረካ እየዞረ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1985 «ነበጢ» ስለሚባለው የነጅድ ግጥም ሥራውን በእንግሊዝኛ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ እንግሊዛዊው ብሩስ ኢንጋም ስለ ነጅድ አረብኛ በጻፈው መጽሐፍ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳየ። በካይሮና በደማስቆ ሕዝብ አፍ በአናባቢ ለውጥ ብቻ የሚሠራው ያ ጥንታዊ የተደራጊ ቅርጽ ከጠፋ ቆይቷል፤ የከተማው ሰው የተደራጊውን ሥራ ለ«ኢን» እና ለ«ት» ሰጥቷቸዋል። በነጅድ ዘላኖች ዘንድ ግን ሕያው ሆኖ ተገኘ። አል-አዝሀሪ ያደነቀው አፍ ከሺህ ዓመት በኋላም ያንን ቅርጽ አልጣለውም።

እዚህ ላይ የሰፊው ዓለም ምርምርም አብሮ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1993 የቋንቋ ተመራማሪው ማርቲን ሀስፐልማት 31 የግስ ጥንዶችን በ21 ቋንቋዎች አነጻጸረ። አረብኛ ከእነሱ አንዱ ነበር፤ አማርኛ ግን አልነበረም። የደረሰበት ውጤት ይህ ነው፦ በራሱ ሊሆን የሚችል ነገር፣ መድረቅና መፍላትን የመሰለ፣ በብዙ ቋንቋ ተራው ቅርጽ የማይሻገረው ነው፤ አድራጊ ሲመጣ ምልክት ይጨመራል። አድራጊ የሚፈልግ ነገር፣ መስበርና መክፈትን የመሰለ፣ ተራው ቅርጽ የሚሻገረው ይሆንና አድራጊው ሲወጣ ምልክት ይጨመራል።

አማርኛ በጥናቱ ባይኖርም ማንኛችንም በገዛ አፋችን ልንመዝነው እንችላለን። ቡናው ፈላ፤ ቡና አፈላች። ልብሱ ደረቀ፤ ፀሐይ አደረቀችው። ቅቤው ቀለጠ፤ አቀለጠችው። እዚህ ሁሉ ላይ «አ» የገባችው አድራጊውን ይዛ ነው። ወደ ሌላው ወገን እንሂድ፦ በሩን ከፈተ፤ በሩ ተከፈተ። እንጨቱን ሰነጠቀ፤ እንጨቱ ተሰነጠቀ። እዚህ «ተ» የገባችው አድራጊውን ለማስወጣት ነው። ሁለቱም ወገን ምልክት የተሸከመበትም አለ፤ ተበላሸ፣ አበላሸ፤ ተነሣ፣ አነሣ። ሞተ ግን «አሞተ» አይልም፤ ለዚያ ገደለ የሚል ሌላ ግስ አለን። በላ ደግሞ ቀድሞም የሚሻገር ሆኖ ሳለ «አ»ን ይቀበላል፤ እናት ልጇን አበላች፣ አጠጣች፣ አለበሰች። በአማርኛ «አ» ገፍታ የምትገባባቸው እነዚህ የሚሻገሩ ግሶች ሁሉ ድርጊቱ ተመልሶ ራሱን አድራጊውን የሚነካባቸው ናቸው፤ የበላው ይጠግባል፣ የለበሰው ይሞቀዋል።

ይህን ጉዳይ በዘመናዊ የቋንቋ ሳይንስ መሣሪያ የመረመረው መንግሥቱ አምበርብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስለ ግሶች መሻገርና አለመሻገር፣ ስለ ድርጊት ዓይነቶችና ስለ ደጋፊ ግሶች ነበር፤ በአማርኛ ግሶች ላይ የጻፈው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። ትኩረቱን ከሳቡት ነገሮች አንዱ የእኛው «አለ» እና «አደረገ» ናቸው። ቅርንጫፉ ጎንበስ አለ፤ ልጁ ቅርንጫፉን ጎንበስ አደረገው። ሣጥኑ ብድግ አለ፤ ሣጥኑን ብድግ አደረገው። በሩ ከፈት አለ፤ በሩን ከፈት አደረገች። ትርጉሙን የተሸከመው ቃል ንቅንቅ አይልም። ድርጊቱ መሻገር አለመሻገሩን የሚወስነው ከኋላው የሚመጣው ትንሽ ግስ ነው። ይህ ስልት ሪያድ ላይ ምን ያህል እንደሚያገለግል ለማየት ወደ ነዳጁ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

ከ1970ዎቹ የነዳጅ ገቢ ጀምሮ ከፓኪስታን፣ ከሕንድ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከሱዳን፣ ኋላም ከኢትዮጵያ ሠራተኛ ወደ ሪያድ ጎረፈ። በአሠሪና በሠራተኛ መካከል፣ ሠራተኛውም እርስ በርሱ የሚግባባበት አንድ አዲስ አረብኛ ተፈጠረ። ስማርት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ አፈጣጠሩ ጻፈ። ሙርተዳ ባኪር እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ግሶቹ፣ ሙሐመድ አል-ሙዓይሊም በዚያው አሥርት ዓመት ስለ ተናጋሪዎቹ ልዩነት ጻፉ። በዚህ አረብኛ ግስ በሰው አይረባም፤ እኔም፣ አንተም፣ እነሱም አንድ ቅርጽ አላቸው። ሲበወይህ ምዕራፍ በምዕራፍ ያሰለፋቸው አናባቢ ለዋጮች፣ «ኢን»ና «አ» ሥራ አቁመዋል።

አንዲት ከወሎ የሄደች ልጅ ሪያድ አንድ ቤት በኮንትራት ገባች እንበል። ማዳሟ «ሰዊ ተንዚፍ» ትላታለች፤ ቃል በቃል «አድርጊ ጽዳት»። ስልክ ደውይ ለማለት «ሰዊ ቲሊፉን» ነው። አንድ ቀን የጭማቂ መፍጫው አልሠራ ይላል። ልጅቱ «ሃዳ ኸርባን» ትላለች፤ ይህ ብልሹ ነው። «ኸርባን» ያለበትን ሁኔታ ይናገራል እንጂ ማን እንዳደረሰው አይናገርም። ማዳሟ «መን ሰዊ ኸርባን?» ብላ ስትጠይቅ ግን አንድ ቦታ ተከፈተ፤ የአድራጊው ቦታ። «አና ማፊ ሰዊ»፤ እኔ አላደረግሁም። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) እና የደመወዝ ጉዳይ አለ፤ የመባረር ስጋትም አለ። በአማርኛ ብትናገር «ተበላሸ» እና «አበላሸሁት» ብላ በአንዲት ፊደል የምትለየውን፣ እዚህ የምትለየው «ሰዊ»ን በማምጣትና በማስቀረት ነው።

ለብዙ ጆሮ ይህ የተሰበረ አረብኛ ነው። እኔ እዚህ ላይ የማየው የሰው አእምሮ የማይጥለውን ነገር ነው። እርባታው ሁሉ ሲራገፍ፣ አድራጊን የመጥራት አቅም ግን ወዲያው በሌላ መንገድ ተተክሏል። የተተካበትም መንገድ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ኸርባን» ላይ «ሰዊ» ማምጣትና «ጎንበስ» ላይ «አደረገ» ማምጣት አንድ ስልት ነው። የወሎዋ ልጅ የእናቷን ቋንቋ አሠራር ይዛ በሄደችበት አገር አወቀችው፤ ማንም ሳያስተምራት፣ አል-አዝሀሪ እንዳለው፣ በተፈጥሮዋ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2013 መጣ። የሳዑዲ መንግሥት ሕጋዊ ወረቀት ለሌላቸው የሰጠው የምሕረት ጊዜ በወሩ መጀመሪያ ተጠናቀቀ፤ አሰሳም ተጀመረ። መንፉሓ ላይ ኢትዮጵያውያን ተደበደቡ፤ ግጭት ተነሣ፤ ሰዎች ሞቱ። በተከታዮቹ ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። የዚያን ሰሞን ዜና በአብዛኛው የተነገረው በተደራጊ ግስ ነበር፤ ተያዙ፣ ተባረሩ፣ ተገደሉ። ተደራጊ ግስ ለዜና አመቺ ነው፤ ሰው ሲሞት ግን የአድራጊው ቦታ ባዶ መቅረቱ ከሰዋስው ያለፈ ነገር ነው። ሲበወይህ ለዚህ ባዶ ቦታ ምዕራፍ የሰጠው በከንቱ አልነበረም፤ አድራጊው ባይጠራም ግሱ አድራጊ እንዳለው ያውቃል። ስለ መንፉሓ የሚጻፍ ማንኛውም እውነተኛ ታሪክ «ማን አደረገ?» ለሚለው መልስ ዕዳ አለበት።

ሪያድ ዛሬም ለአረብኛ ትደክማለች። እ.ኤ.አ. በ2020 በንጉሥ ሰልማን ስም ለአረብኛ ቋንቋ ዓለም አቀፍ አካዳሚ ተቋቁሞባታል። የነጅድ ዘላኖች ንግግር በጽሑፍ ተከብሯል፤ ይገባዋልም። በእንጀራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች የፈጠሩት አረብኛ ግን ገና ብዙ ሰሚ ይፈልጋል፤ ጥናቱም በአብዛኛው የቆመው በእስያ ሠራተኞች አነጋገር ላይ ነው። የኢትዮጵያውያኑ ድርሻ የእኛ ሥራ ነው። ተናጋሪዎቹን ለማግኘትም በረሃ መውጣት አያስፈልግም፤ ከሪያድ የተመለሱ እህቶችና ወንድሞች በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በከሚሴ፣ በሐረር በየሰፈሩ አሉ። አንድ የቋንቋ ጥናት ተማሪ መቅረጫ ስልክ ይዞ አጠገባቸው ቢቀመጥ፣ በሰው ቤት የተማሩትን አረብኛ ከአማርኛቸው፣ ከኦሮምኛቸው፣ ከትግርኛቸው ጋር እያመሳከረ ቢመዘግብ፣ ግስ ከምን እንደሚሠራ ለሚጠይቅ ዓለም አዲስ ማስረጃ ያቀርባል። የባስራ ሊቃውንት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ ድሃ ሆነ ዘላን፣ ምርኮኛ ሆነ ማራኪ፣ ለቋንቋ ሕግ ምስክሩ የሚናገረው ሰው ነው። ሪያድ ኩሽና ውስጥ የተናገረችውም ልጅ ምስክር ናት፤ ቃሏ እንደ ሌሎቹ ምስክሮች ቃል በስሟና በክብሯ ሊመዘገብላት ይገባል።